ባለባትሪው ብስክሌትና የዕድሩ ጥሩንባ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በየትኛው ዓመት እንደሆነ አጥርቼ አላስታውስም። ሚስቴ ጥሩወርቅ «ያ ትልቅ በረዶ በወረደ በማግስቱ ዓመት ነው» ትላለች። እኔ የማውቀው ሰፈራችን ኮብልስቶን ከተነጠፈ በኋላ መሆኑን ብቻ ነው፤ ጥርሴ እርስ በርሱ ሲንቀጫቀጭ ትዝ ይለኛልና። በአፈር መንገድ ጥርስ አይንቀጫቀጭም። እንግዲህ ኮብልስቶኑ ከተነጠፈበት ጊዜ እስከ ዛሬ ባለው መካከል አንድ ቦታ ላይ ነው ብላችሁ ያዙልኝ።

በዚያን ጊዜ የሰፈራችን ዕድር ጥሩንባ ነፊ ነበርሁ። ሥራውን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ የዕድሩ ዳኛ መጥቶ ያስነሣኛል። ጥሩንባዬን አንጠልጥዬ እወጣለሁ። በየመታጠፊያው እቆምና እነፋለሁ። ከዚያ ዝም እላለሁ፤ በሮች እስኪከፈቱ እጠብቃለሁ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ብቅ ሲሉ «ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ!» ብዬ የሟቹን ስም ከነአባቱ፣ ቀብሩም በስንት ሰዓትና የት እንደሆነ ደጋግሜ እናገራለሁ። ከዚያ ወደሚቀጥለው መታጠፊያ እሄዳለሁ።

ይህን ያስተማሩኝ ከእኔ በፊት ጥሩንባውን የያዙት ሽማግሌ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ «አያ ጥሩንባ» ነው የሚላቸው። እናታቸው እንዲህ ብላ እንዳልሰየመቻቸው የታወቀ ነው፤ ሌላ ስም እንዳላቸው ግን የሚያስታውስ ሰው አልነበረም። ሥራውን ሲያስረክቡኝ የነገሩኝ ነገር ይህ ነው።

«ጥሩንባውን ማንም ይነፋዋል፤ ትንፋሽ ካለህ ይጮኻል። ያንተ ሥራ ስሙ ነው። ስሙን ሳትናገር ከቆምህበት ንቅንቅ እንዳትል!»

እኔም ንቅንቅ ብዬ አላውቅም። ጉልበቴ እስኪደክም ድረስ።

ድሮ ሰፈራችን ከታች ከአስፋልቱ ዳር የተኮለኮሉ ጥቂት ቤቶች ነበር። ማራኪ በሚባለው ሰፈር፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ስለሆንን፣ ለተማሪ የሚያከራይ ሁሉ ክፍል መጨመር ያዘ። ክፍሉ ክፍል እየሳበ፣ ጎረቤቱ ጎረቤት እየጠራ ሰፈሩ ዳገቱን ወጥቶ ጫፍ ደረሰ። ሰፈሩ ሲወጣ የእኔ ጉልበት ወረደ። አንድ ቀን ከዳገቱ እኩሌታ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሳለከልክ አንዲት ሴት ወጥታ «ምነው አያ፣ ማን ሞተ?» አለችኝ። «ቆይ፣ ትንፋሼ ይመለስና እነግርሻለሁ» አልኋት። ትንፋሼ ሲመለስ ስሙ ጠፋብኝ። ሴትዮዋ ከድንጋዩ አጠገብ ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ፤ ደግ ሰው ናት።

ነገሩ ስብሰባ ላይ ተነሣ። ላይኛዎቹ ቤቶች «ሬሳው ከወጣ በኋላ ነው የምንሰማው» ብለው አቤት አሉ። አንዱ ተነሥቶ «ድምፅ ማጉያ ያለው ባጃጅ አለ፤ እሱ ይዙር» አለ። ባጃጁን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ብርድ ልብስ የሚያስተዋውቅ ነው፤ በዘፈን ይጀምራል፤ በዘፈን ይጨርሳል። እኔ እጄን አውጥቼ «ለብርድ ልብስና ለሰው አንድ ድምፅ ይሆናል?» ብዬ ጠየቅሁ። አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ፤ አንዳንዱ ግን ስለ ብርድ ልብሱ ማሰብ ጀመረ።

ዳኛችን ወርቁ እኩያዬ ነው፤ አብረን ነው ያረጀነው። «እንግዲህ» አለኝ፣ «በሚቀጥለው ቀብር እንየው። ላይኞቹ በጊዜ ከሰሙ ጥሩንባው ካንተ ጋር ይቆያል። ካልሰሙ ታስረክበናለህ። ቅር እንዳይልህ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰፈሩን ጤና እንደ እኔ የተከታተለ ሐኪም የለም። ሰው ባነጠሰ ቁጥር ይማርህ የምለው ከልቤ ነው። ጉልበቴን የማበጅበት ጊዜ እንዲገኝልኝ የሁሉንም ዕድሜ እለምን ነበር።

ጉልበት እንደማይበጅ ሳውቅ ወደ ኑረዲን ሄድሁ።

ኑረዲን አዲስ ዓለም ሰፈር ውስጥ ብስክሌት ጠጋኝ ነው። አባቱም አያቱም ነጋዴዎች ነበሩ፤ እሱ ግን ዕቃ ከመሸጥ ይልቅ ዕቃ መፍታት ነው የሚወድ። ያቺን አሮጌ ብስክሌቴን እየገፋሁ ገባሁ። ብስክሌቷ በተላላኪነት ከሠራሁበት መሥሪያ ቤት ነው የወጣች፤ አርጅታ ስትወገድ ለእኔ ሰጡኝ። እኔም ያኔው ነው ጡረታ የወጣሁት። አንድ ላይ ነው የተወገድነው ማለት ነው።

«ኤሌክትሪክ ይሁንልኝ» አልሁት።

«ይቻላል አያ። ለምን ነው የፈለጉት? ለመንሸራሸር ነው ለሥራ?»

«ለሞት።»

ኑረዲን የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ። «አላህ ያርቅልን! ምነው አያ?»

«ለሰው ሞት ነው እንጂ ለራሴ አይደለም» ብዬ ነገሩን ሁሉ አጫወትሁት። ሰምቶ ሲጨርስ መፍቻውን አነሣ።

«ሁለት መንገድ አለ» አለኝ። «አንዱ በመተማ በኩል የገባ፣ ተሠርቶ ያለቀለት የኤሌክትሪክ ብስክሌት አለ፤ እሱን መግዛት ነው። ሁለተኛው የእርስዎን የኋላ ጎማ አውጥተን፣ ሞተር በመካከሉ ያለበት ጎማ መተካት ነው። ይሞክሩት፣ ያለቀለትን።»

ወጥቼ ተቀመጥሁበት። ቀይ ነው። ጎማው ትንንሽ ስለሆነ ጉልበቴ ከጆሮዬ አጠገብ ደረሰ። ቁልፉ ሲዞር ዜማ አሰማ፤ መብራቱ አረንጓዴም ሰማያዊም ሆነ። ኮብልስቶኑ ላይ ትንሽ እንደሄድሁ ጥርሴን በእጄ ይዤ ተመለስሁ።

«ለቅሶ ቤት እየዘፈንሁ ልገባ ነው?»

«ዜማውን አጠፋዋለሁ።»

«ቀይነቱንስ?»

ኑረዲን ወደ እኔዋ ዞረ። የእኔን ብስክሌት ገለበጣት። ብረቷን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «ወላሂ አያ፣ ይች ትሻላለች። ብረቷ ሸጋ ነው፤ ጎማዋ ትልቅ ነው፤ ኮብልስቶን አያነጥራትም። አንዱ ነገር ቢበላሽ አንዱን ብቻ እንቀይራለን።»

ሞተር ያለበት ጎማ ከፊት ይሁን ከኋላ በሚለው ላይ ብዙ ቆየን። እኔ ከፊት ይሁን አልሁ፤ እየመራ ይጎትተኝ ብዬ። እሱ ከኋላ አለ፤ በዳገት ላይ ክብደት ሁሉ ወደ ኋላ ስለሚሄድ የፊቱ ጎማ መሬቱን አይጨብጥም አለኝ። በቅሎም ዳገት የምትወጣው በኋላ እግሯ መሆኑ ትዝ ብሎኝ እሺ አልሁ። ባትሪው በሳጥን ሆኖ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ይታሰራል ተባለ። ክብደቱ የጓያ ጆንያ ነው። ቀላል ባትሪ አለ፤ ግን ከአዲስ አበባ መታዘዝ አለበት፣ ይቆያል አለኝ። ሰው እስከዚያ እንዳይሞት ማን ዋስ ይሆነኛል? ከባዱን አልሁ።

የተጣላነው በፍሬኑ ነው።

«ይህን የፍሬን መያዣ እንቀይረው» አለኝ። «አዲሱ ሽቦ አለው። ፍሬኑን ሲይዙ ሞተሩ ወዲያው ዝም ይላል።»

«ፍሬኔን አትንካብኝ።»

«አያ፣ ያለ እሱ አደጋ ነው።»

«ልጄ፣ ይህ መያዣ የጣቴን ቅርጽ ይዟል። እኔን ያውቀኛል። ስይዘው ሁልጊዜ ቆሟል።»

ብዙ ለመነኝ። አሻፈረኝ አልሁ። እኔ በተፈጥሮዬ ሰው የምቃወም ሰው አይደለሁም፤ በሕይወቴ የጸናሁበት ቀን ጥቂት ነው፤ ከነዚያም አንዱ ይኸው ሆነ።

ሞተሩና ባትሪው የተገዛው በበጋችን ዋጋ ነው። ለፋሲካ ሲደልብ የነበረው በግ ገበያ ወጣ። ጥሩወርቅ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። ከዚያ ቀን ጀምራ ብስክሌቱን «በጉ» ትለው ጀመር። ቻርጀሩን ስሰካ «በጉ በላ?» ትለኛለች። መብራት ሲጠፋ «ዛሬ በጉ ጦሙን ሊያድር ነው» ትላለች። መብራት ሲመጣ ጎረቤቱ እልል ይላል፤ እኔ ግን እልል የምልበት ጊዜ የለኝም፤ ቻርጀሩ ዘንድ እሮጣለሁ። የፋሲካ ለት ዶሮዋን አቅርባ፣ ቀና ብላ ግድግዳ የተደገፈውን ብስክሌት አየችውና «ቆዳው እንኳ አይነጠፍም» አለች። እንጀራዬን ቆረስሁ።

ልምምድ ልጀምር ብዬ የወጣሁ ቀን ጥሩንባውን ይዤ ነበር፤ እሱም ይልመድ ብዬ። ገና ከበሬ ስወጣ ፊት ለፊቴ ያለችው ጎረቤት ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

«ማን ነው አያ? ማን አረፈ?»

«ማንም አላረፈም። ብስክሌት ልለማመድ ነው።»

«ውይ! ታዲያ እንባዬን ምን ላድርገው? ጀምሬዋለሁ እኮ!»

አጽናናኋት። እሷን ሳጽናና ወሬው ቀድሞኝ ሄደ። በሚቀጥለው መታጠፊያ ሰዎች ቆመው ጠበቁኝ። ከዚያ ባለው ደግሞ የባሰ ነበር፤ አንዱ መቆፈሪያውን ይዞ ወጥቷል። ሰው እንዳይደናገጥ ብዬ በየመታጠፊያው ወርጄ «ስማ! ስማ! ማንም አልሞተም!» አልሁ። ማታ ወርቁ ቤቴ መጣ።

«ሰፈሩ በሙሉ በሕይወት እንዳለ ማስታወቅ ያንተ ሥራ አይደለም» አለኝ።

«ሰው ደንግጦብኝ ነው።»

«አውቃለሁ። ግን አንዴ ከጀመርህ በየቀኑ ማስታወቅ ሊኖርብህ ነው። አንድ ቀን ዝም ብትል ሁላችንም አልቀን እንዳይመስል።»

እውነቱን ነው። ከዚያ ወዲያ ልምምዴን በአዘዞ መንገድ፣ ከማያውቀኝ ሰው መካከል አደረግሁት። ዳገት ላይ ሳየው ዓይኔ እንባ አቀረረ። ፔዳሉን ጥቂት ረገጥ ሳደርግ ከኋላዬ አንድ ሰው እጁን ወገቤ ላይ አድርጎ የሚደግፈኝ ይመስል ነበር። እንዲህ ያለ እጅ ከልጅነቴ ወዲህ አልነካኝም።

ያላሰብሁት አንድ ነገር ግን እዚያ ታየኝ። ሞተሩን የሚያስሮጠው መያዣ፣ ኑረዲን ጋዝ የሚለው፣ የተገጠመው በቀኝ እጅ በኩል ነው። ጥሩንባም የምነፋው በቀኝ እጄ ነው። ግራ እጄ ጥሩንባ አያውቅም፤ ብሰጠውም ወደ ጆሮዬ ነው የሚወስደው። ላይኞቹ ቶሎ እንዲሰሙ እየሄድሁ ልነፋ አስቤ ነበር፤ ስሄድ ግን መንፋት አልችልም፤ ስነፋ መሄድ አልችልም። ይህን ለኑረዲን ብነግረው ጋዙን ወደ ግራ አዛውሮ አየው፤ ያኔ ደግሞ ተገልብጦ መዞር ሆነበት፤ ላቆም ስል ይብስ ይሮጣል።

«አንድ ዘዴ አለው» አለኝ በመጨረሻ። «ጋዙን ሳያበዙ ሳይቀንሱ እኩል አድርገው ጥቂት ከያዙት፣ ፍጥነቱን ራሱ ይይዝልዎታል። እጅዎን ቢያነሡም ይሄዳል። ለማቆም ጋዙን አንዴ ነካ ያደርጉታል፤ ይለቃል። ፍሬን ግን አያስለቅቀውም፣ ሽቦ የለውማ። ገባዎት?»

«ገባኝ።»

«ይድገሙልኝ።»

ደገምሁለት። በቃሌ ይዤው ወጣሁ። ከያዝሁት ነገር ሁሉ የማቆሚያው ዘዴ ብቻ ነው ቤት ሳልደርስ የጠፋኝ።

ጥቂት ሳምንት አለፈ። አንድ ማለዳ ወርቁ በሬን መታ።

«እማማ ደስታ አረፉ» አለኝ።

እማማ ደስታ ከሰፈሩ ጫፍ፣ ከሁሉ በላይ ያለችው ጎጆ ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ነበሩ። ቅዳሜ ገበያ ጌሾ ይቸረችራሉ። ልጅ የላቸውም፤ ወንድም እኅት የላቸውም። የማንም ሬሳ ሲነሣ ግን ቀድመው ይደርሱ ነበር፤ ጥግ ይዘው ይቆማሉ፤ ሳይጠሩ ውሃ ይቀዳሉ፤ ሳይሰናበቱ ይሄዳሉ። አሁን ተራው የእሳቸው ሆነና የሚያለቅስላቸው ጠፋ።

«ከአንዲት ጎረቤት በቀር ቤቱ ውስጥ ሰው የለም» አለ ወርቁ። «እኔ ቤተ ክርስቲያን ተናግሬ ወደ ላይ እወጣለሁ። ለሌላው ሁሉ የምትነግር አንተ ነህ፤ ለድንኳኑም፣ ለቃሬዛውም፣ ለቆፋሪውም። ቀብሩ በስድስት ሰዓት ነው። አንተ ካልነገርህ እኔና አንተ ነን የምንሸከማቸው፤ በዚህ ጉልበታችን።»

ጥሩወርቅ ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ አስተካከለችልኝ። ቀልድም አልቀለደች። «በጉ ጠግቦ ነው ያደረ፤ ሂድ» አለችኝ።

ተነሣሁ። ከታች ከአስፋልቱ ጀመርሁ። ጋዙን እኩል አድርጌ ያዝሁ፤ ያዘልኝ። ቀኝ እጄን አነሣሁ፤ ጥሩንባውን ከአፌ አገናኘሁ። ነፋሁ። እንደዚያ ቀን ነፍቼ አላውቅም። ያልደከመ ትንፋሽ ነበረኛ! ድምፁ ዳገቱን ቀድሞኝ ወጣ። በሮች ሲከፈቱ ሰማሁ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ደረሰና ፍሬኔን ያዝሁ።

አልቆመም።

ጠበቅ አድርጌ ያዝሁ። ፍሬኑ ወደ ኋላ ይላል፤ ሞተሩ ወደ ፊት ይላል፤ እኔ በመካከል ሆኜ እሰማቸዋለሁ። ጎማ ሸተተኝ። ጣቴን የሚያውቀው ያ ፍሬን ዕድሜ ልኩን እኔን ሲያቆም የኖረ እንጂ ሞተር ያቆመ አልነበረም። ሰዎች ብቅ ብለው «ማን ነው አያ?» ሲሉ ስሙን ልናገር አፌን ከፈትሁ፤ ኮብልስቶኑ ጥርሴን አንቀጫቀጨው፤ ከአፌ የወጣው ድምፅ እንጂ ቃል አልነበረም።

«ማን ነው?»

አለፍኋቸው።

የኑረዲንን ምክር ባስታውስ እንኳ ቀኝ እጄ ጥሩንባ ይዟል። የዕድር ጥሩንባ ደግሞ መሬት አይወድቅም። ወድቆ አያውቅም፤ በእኔ ጊዜ ሊወድቅ ነው? ስለዚህ ያለኝን ሁሉ ዘዴ ሞከርሁ። «ቁም!» አልሁት። እንደ በቅሎ ተቆጣሁት። ለመንሁት። በሁለተኛው መታጠፊያ ቢያንስ ይስሙ ብዬ እንደገና ነፋሁ፤ ነፍቼም አለፍሁ። በሦስተኛው እንዲሁ። የዕድሩ ድንኳን ጠባቂ ካናቴራውን እየለበሰ ከኋላዬ ሮጠ፤ «አያ! ስሙን! ስሙን እኮ!» ይለኛል። እኔ ወደ ኋላ ዞሬ አየሁት፤ እጄን አወዛወዝሁለት። ሰላምታ መሰለው መሰለኝ፤ እሱም አወዛወዘ።

ጫፍ ደረስሁ። የእማማ ደስታ ጎጆ ደጃፍ ላይ ወርቁ ብቻውን ቆሟል።

«ደረስህ! ሁሉም ሰማ?»

አለፍሁት።

«ወዴት ነው?!» የሚለው ድምፁ ከኋላዬ እያነሰ ሄደ።

በወዲያኛው በኩል ያለውን ቁልቁለት እንዴት እንደወረድሁት አልነግራችሁም፤ አላየሁትም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስገልጠው አስፋልት ላይ ወደ አዘዞ እየሄድሁ ነው። ሚኒባስ ጥሩንባ ነፋብኝ፤ እኔም ነፋሁለት። በመጨረሻ የኑረዲን ቃል ትዝ ብሎኝ የጥሩንባውን ማንገቻ በጥርሴ ነክሼ፣ ቀኝ እጄን አወረድሁና ጋዙን አንዴ ነካ አደረግሁት።

ቆመ። ይኸው ነው። ሌላ ነገር አልፈለገም።

ልመለስ ጋዙን ባዞረው ግን ዝም አለ። ከፍሬኑ ጋር ሲታገል ቆይቶ አንድ ነገር ተቃጥሎበታል፤ ይጤሳል። ያንን ሁሉ ባትሪ ተሸክሞ እሱ ቆመ፤ እኔ ገፋሁት። ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። ጉልበቴን አልሰማሁትም፤ የምሰማው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰፈሩን በሙሉ ቀሰቀስሁት፤ ስም ግን አልተናገርሁም።

ሰፈሩ ስደርስ መንገዱ ላይ ሰው የለም። በሩ ሁሉ ገርበብ ብሎ ክፍት ነው። «ተመስገን፣ ወደ ላይ ወጥተዋል» ብዬ ልተነፍስ ስል ለቅሶ ሰማሁ። ለቅሶው የመጣው ከዳገቱ ጫፍ አይደለም። በቀኝ በኩል ከአያ ጥሩንባ ግቢ ነው።

አያ ጥሩንባ ከክረምት ጀምሮ አልጋ ላይ ናቸው። በአንድ ማለዳ ሁለት ሰው! ብስክሌቱን አጥር ላይ ጣል አድርጌ፣ ጋቢዬን ፊቴ ላይ መልሼ እያለቀስሁ ገባሁ። ሰፈሩ በሙሉ እዚያ ነው። ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተዋል። ድንኳን ጠባቂው ካስማ ይመታል። እኔ ከሁሉም በላይ ድምፅ አውጥቼ አለቀስሁ፤ አስተማሪዬ ናቸዋ።

ከአጠገቤ ያለው ሰው ክንዴን ያዘኝ። «አያ፣ መቼ ነው ያረፉት?»

«እኔም አሁን መስማቴ ነው» አልሁት እየተንሰቀሰቅሁ።

«እንዴ! አንተ አይደለህ የነፋኸው?»

ለቅሶዬ ቆመ። የእሱም ቆመ። ተያየን። ያን ጊዜ በሩ ተከፈተና ልጃቸው ሙሉ ወጣች፤ የሙቅ ብርጭቆ ይዛለች።

«ኧረ በማርያም! ስንቴ ልንገራችሁ? አባቴ አልሞተም! ሙቄን ልጠጣበት፣ ዝም አሰኚልኝ እያለኝ ነው!»

«አይዞሽ ልጄ» አለቻት አንዲት ሴት እያቀፈቻት። «ሐዘኑ ነው እንዲህ የሚያናግርሽ።»

ከውስጥ የአያ ጥሩንባ ሳል ተሰማ። ካስማ የሚመታው ሰው መዶሻውን እንዳነሣ ቀረ። ለካ ስሙን ሳልናገር ሳልፍ፣ ሁሉም ታሞ የተኛ ማን አለ ብሎ አስቦ፣ አንድ ላይ እዚህ መጥቷል።

«ያ ልጅ ይግባልኝ» አሉ ከውስጥ። ያ ልጅ እኔ ነኝ። ገባሁ። ግድግዳ ተደግፈው፣ ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል።

«ማንን ነው የነፋኸው?»

«እማማ ደስታን።»

«ደስታን? ጌሾ ሻጯን?» ጋቢያቸውን ገለጥ አደረጉ። «ስሟን ተናገርህ?»

«አልቆመልኝም፣ አያ።»

«ምኑ?»

«ብስክሌቱ።»

ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ወደ በሩ አዩ። «ውጭ ስንት ሰው አለ?»

«ሰፈሩ በሙሉ።»

«ይህ ሁሉ ለእኔ ነው?»

«አዎ አያ።»

ደስ ያላቸው መሰለኝ፤ ማንንስ ደስ አይለው? ከዚያ ፊታቸው ተመለሰ። «እሷ ዘንድ ማን አለ?»

«ወርቁና አንዲት ጎረቤት።»

«አንሣኝ።»

እኔና ሙሉ ደግፈን ደጃፍ አወጣናቸው። ከክረምት ወዲህ ፀሐይ አላዩምና ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ።

«አልሞትሁም» አሉ። «ይቅርታ አድርጉልኝ።»

አንዱ ሊስቅ ብሎ አፉን በጋቢው ያዘ።

«የሞተችው ደስታ ናት። ደስታ ቸኮል። ከሁላችሁ ቤት ውሃ ቀድታለች፤ የእሷ ቤት ዛሬ ባዶ ነው። ቀብሯ በስድስት ሰዓት ነው። ለእኔ ያወጣችሁትን እንባ መልሳችሁ አታስገቡት፤ ይዛችሁላት ውጡ። እኔ ልጅ አለኝ፤ የእኔ ሌላ ቀን ይደርሳል። እሷ ከእናንተ ሌላ የላትም።»

ድንኳን ጠባቂው ካስማውን መንቀል ጀመረ። ያቺ በልምምዴ ቀን እንባዋን የጀመረችው ጎረቤቴ ነጠላዋን አጥብቃ ከሁሉ ቀድማ ከግቢው ወጣች።

«እኔም እወጣለሁ» አሉ አያ ጥሩንባ። ሙሉ ጮኸች፤ አልሰሟትም። ጉልበቱ ከየት ይመጣል ብለን ስንማከር ዓይናቸው አጥሩ ላይ ያረፈውን ብስክሌቴን አየ። የባትሪውን ሳጥን ፈትተን ለአንድ ጎረምሳ አሸከምነው። ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ጋቢ አነጠፍንና አስቀመጥናቸው። እኔ መሪውን ያዝሁ፤ ሌሎቹ ከኋላ ገፉ። ሞተር ያለው ብስክሌት በሰው ትንፋሽ ዳገቱን ወጣ።

የመጀመሪያው መታጠፊያ ስንደርስ «አቁም» አሉኝ። አቆምሁ።

«ይኸው ቆመ» አሉ።

ጥሩንባውን ከእጄ ወስደው ነፉ። ድምፁ ቀጭን ነው፤ መካከል ላይ ይቆረጣል። ጥሩንባውን መልሰው ሰጡኝ። «ንገር።»

«ለማን ልንገር አያ? ሰዉ ሁሉ ከእኛ ጋር ነው፤ ቤቱ ባዶ ነው።»

«ለቤቶቹ ንገር።»

ነገርሁ። «ስማ! ስማ! ደስታ ቸኮል አርፈዋል!» በየመታጠፊያው ቆምን፤ በየመታጠፊያው ነፉ፤ በየመታጠፊያው ስሟን ተናገርሁ። ለካ ቤቶቹ ሁሉ ባዶ አልነበሩም። ተከራዮቹ ተማሪዎች ከየክፍሉ ብቅ ብቅ አሉ። እማማ ደስታን አያውቋቸውም፣ ሰፈሩም የእነሱ አይደለም፤ ደብተራቸውን አስቀምጠው ከኋላችን ተሰለፉ።

ጫፍ ስንደርስ ወርቁ ደጃፉ ላይ እንደቆመ ነው። ዳገቱን የሞላውን ሰው አየ። ቃሬዛውን አየ፤ ድንኳኑን አየ፤ ብስክሌቴ ላይ የተቀመጡትን አየ። ኮፍያውን አወለቀና ወደ ውስጥ ተመለሰ። ሲያለቅስ አላሳየንም።

እማማ ደስታ በስድስት ሰዓት ተቀበሩ። ቤተ ዘመድ ያለው ሰው እንኳ እንዲያ ያለ ቀብር አያገኝም። ኑረዲንም መጥቶ ነበር፤ ብስክሌቴ አስፋልቱን ሲያቋርጥ ያየ ሰው ነግሮት፣ በሕይወት መኖሬን ሊያይ ነው የመጣው። ከእማማ ደስታ አጥር ወደተደገፈው ብስክሌቴ ተጠግቶ የተቃጠለውን ሽቦ አየ። ከወንዶቹ መካከል ገብቶ ቃሬዛውን ተሸከመ። ከቀብር ስንመለስ ብቻ «ፍሬኑን እንቀይረው ወይ?» አለኝ። «ቀይረው» አልሁት።

በሚቀጥለው ስብሰባ ስለ ባጃጁ አንዱ ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር። ወርቁ አየው፤ ዘጋው። አዲሱ ፍሬን ተገጠመ። ስይዘው ሞተሩ ዝም ይላል፤ ብስክሌቱ ካልሁት ቦታ ይቆማል። ጥሩወርቅ ደጃፍ ቆማ ሳቆም ሳስነሣ፣ ሳቆም ሳስነሣ አየችኝና «በጉ ገራ» አለች። ከእሷ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አያ ጥሩንባ ዓመቱን ጨርሰው በሌላው በጋ አረፉ። ያን ማለዳ ብስክሌቴን ይዤ ከታች ጀመርሁ። በየመታጠፊያው ፍሬኔን ያዝሁ፤ በየመታጠፊያው ቆመልኝ። ወርጄ ነፋሁ። በሮች እስኪከፈቱ ጠበቅሁ። ከሙሉ ጠይቄ ያወቅሁትን እውነተኛ ስማቸውን ከነአባታቸው ተናገርሁ። ሰው «እሱ ደግሞ ማን ነው?» ይለኛል። ደግሜ ተናገርሁ። ንቅንቅ አላልሁም። «አያ ጥሩንባ» ብል በአንድ ጊዜ በገባቸው ነበር፤ ግን ያስተማሩኝ እንዲያ አይደለም። ቆሜ፣ እስኪገባቸው ድረስ፣ ስሙን ደጋግሜ ተናገርሁ። ያን ቀን እኔንም፣ ጥሩንባዬንም፣ እማማ ደስታንም ያቆሙልን ሰው እሳቸው ናቸው፤ ስማቸውም ከነአባታቸው እንግዳው ረታ ነው።